መብራት ሲመጣ ሊጥ ማቡኪያው ራሱ ተነሳ፣ በተኑ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የሸዋበር ዳቦ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:12

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ኤሌክትሪሻን አይደለሁም፣ ደሴ ሸዋበር የእናቴን ዳቦ ቤት ነው የማስተዳድረው፣ ዛሬ ሌሊት የሆነው ነገር እስካሁን እጄን እያንቀጠቀጠኝ ስለሆነ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው የገባሁት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሊጥ እየተቦካ መብራት ጠፋ። ያው የለመድነው ነው፣ ሻማ አበራን፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ዝም ብዬ ከምቆም ብሎ የማቡኪያው ድስት ጠርዝ ላይ የደረቀውን ሊጥ በፕላስቲክ መፋቂያ መፋቅ ጀመረ፣ እኔ ወዲህ ዱቄት እየነፋሁ ነበር። አስር ደቂቃ ቆይቶ መብራቱ መጣ፣ ማሽኑም አብሮ መጣ! ማንም አልነካውም። መፋቂያውን ከልጁ እጅ ነጥቆ ሁለት ቦታ ሰበረው፣ የሹራቡን እጅጌ ያዘ፣ ልጁ ወደኋላ ዘሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አልሃምዱሊላህ ጣቱ ተረፈ፣ ሹራቡ ግን እስከ ክርኑ ተተረተረ።

ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። መብራት ስንቴ ሄዶ ስንቴ መጥቷል፣ ሁሌ አረንጓዴዋን የማስነሻ በተን እንደገና ካልተጫንናት አይነሳም ነበር። የተቀየረ ነገር ካለ ባለፈው ሳምንት አረንጓዴዋ በተን ተሰብራ አንድ የሰፈር ሰራተኛ ቀይሮልናል፣ በተኗን ፒያሳ ሄጄ የገዛኋት ራሴ ነኝ፣ መልኳ ቁርጥ የድሮዋን ነው። ደሞ ሌላ የገረመኝ ነገር፣ እሷ ከተቀየረች ወዲህ ቀዩ ማቆሚያ ልክ አይሰራም። ተጭኜ ስይዘው ይቆማል፣ ስለቀው መልሶ ይነሳል። ሰራተኛው አረንጓዴዋን ድገሚያት ትጠፋልሻለች ቀዩ አያስፈልግሽም ብሎኝ ነበር። ቀዩ ተበላሽቶ ነው? ምን ልቀይር?

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ 3:40

እህቴ እንኳን ልጁ ተረፈ። ቀጣዩን መስመር ከማንበብሽ በፊት ሂጂና የማሽኑን ብሬከር አውርጂው። አሁን። ዳቦው ዛሬ በእጅ ይቦካ።

አወረድሽው? ቀዩ ምንም አልሆነም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ አረንጓዴዋን ስትጫኛት ወዲያው ተመልሳ ትወጣለች ወይስ ገብታ ትቀራለች?

የሸዋበር ዳቦ
3:52

አውርጄዋለሁ። አዎ ገብታ ትቀራለች፣ ስትደገም ቀጭ ብላ ትወጣለች። የድሮዋ ግን ትመለስ ነበር አሁን ሲጠይቁኝ ነው ያስታወስኩት። ያን ያህል ለውጥ አለው እንዴ?

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
4:20

አለው እንጂ፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ናት። በፊት ለፊት ሲያዩአቸው አይለዩም፣ ሁለቱም 22 ሚሊ ቀዳዳ ላይ ነው የሚገቡት፣ ቀለማቸው አንድ፣ ቀለበታቸው አንድ። አንዷ ግን ስትለቀቅ በስፕሪንግ የምትመለስ ናት፣ ሌላዋ ሎክ የምታደርግ፣ ገብታ የምትቀር። የማሽንሽ ፓነል የተሰራው ለምትመለሰዋ ነው።

እንዲህ ነው አሰራሩ። አረንጓዴዋ ሞተሩን አታበራውም፣ አቅሙም የላትም። ፓነሉ ውስጥ ኮንታክተር የሚባል ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ በማግኔት የሚሰራ ማብሪያ አለ፣ ሲገባ "ጧ" የሚለው እሱ ነው። አረንጓዴዋ እሱን መቀስቀስ ብቻ ነው ስራዋ፣ አንድ ሰከንድ ተጭነሽ ኮይሉ፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮረንቲ ሲያገኝ ይስባል። ሲስብ ደሞ ጎኑ ላይ 13 እና 14 የሚል የተጻፈበት ትንሽ ኮንታክት አብሮ ይዘጋል። እሱ ከአረንጓዴዋ ጋር ጎን ለጎን የታሰረ ስለሆነ ጣትሽን ስታነሺ ኮረንቲው በእሱ በኩል መሄዱን ይቀጥላል፣ ኮንታክተሩ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል፣ ሆልዲንግ እንለዋለን። ቀዩ መስመሩ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠ ዝግ ኮንታክት ነው፣ ለአፍታ ስትነኪው መስመሩን ይቆርጣል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ይዞት የነበረውም ኮንታክት አብሮ ይከፈታል፣ አለቀ። ቀዩ ተመልሶ ቢዘጋም የሚቀሰቅስ የለም።

አሁን መብራት ጠፋ እንበል። ኮንታክተሩ ይለቃል። መብራት ሲመጣ 13 እና 14 ክፍት ነው፣ አረንጓዴዋም ክፍት ናት፣ ስለዚህ ዝም። የድሮው ዝምታ ከዚህ ነው የመጣው። ገብታ የምትቀረዋን ስታስገቢ ግን ትእዛዙ ሌሊቱን ሙሉ እንደተሰጠ ነው፣ መብራት በመጣ ሰዓት ይፈጸማል። ቀዩን ስትለቂው የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ አረንጓዴዋ ከኋላ ሆና ተነስ ተነስ እያለችው።

አምባሰል ማዶ
4:31

በአጭሩ የምትመለሰዋ በተን ትዝታ የላትም ማለት ነው፣ የወሎ ልጅ አይደለችም ሃሃሃ

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
4:34

ሃሃ በትክክል። ትዝታው ያለው ኮንታክተሩ ጋ ነው፣ እሱም መብራት ሲሄድ ይረሳል። እንዲረሳ ነው የምንፈልገው።

ጉድጓድ ፓምፕ
5:05

ይቅርታና ነገሩ ተጋነነ። እኔ ሎክ የምታደርገዋን ስንት ቦታ ገጥሜያለሁ፣ ደንበኛው ራሱ ነው የሚፈልገው። መብራት በቀን ሶስቴ በሚጠፋበት ሀገር ሰው ሌሊት እየተነሳ በተን ሲጫን ይደር? የኔ የውሃ ፓምፕ 2 ዓመት ሙሉ እንደዛ ነው የሚሰራው፣ መብራት ሲመጣ ይነሳል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ማንም አልተጎዳም።

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
5:30

ጎበዝ፣ ፓምፕህ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፣ እጁን እዛ የሚከት የለም። ለፓምፕ፣ ለቬንትሌተር፣ ለፍሪጅ በራሱ ቢነሳ ችግር የለም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ግን እሱም በሰሌክተር ስዊችና በተንሳፋፊ ነው የሚሰራ፣ አረንጓዴ በተን መስሎ አይደለም። ደሞ ታይመር ጨምርበት፣ መብራት እንደመጣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፣ ኮንታክተሩ ድርርር ብሎ ጥርሱን ይበላል፣ አንዳንዴ ኮንታክቱ ተበይዶ ይቀራል፣ ያኔ ቀዩንም ብትጫን የሚቆም ነገር የለም። ሰው እጁን የሚያስገባበት ማሽን ግን፣ ማቡኪያ፣ መጋዝ፣ ወፍጮ፣ ስጋ መፍጫ፣ በራሱ አይነሳም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ኪዮት 5ኛ ዓመት
5:48

ጋሼ ያሉትን ለመደገፍ ያህል፣ ለማሽን ኤሌክትሪክ የወጣው አይኢሲ 60204-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ኮረንቲ ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ መነሳቱ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ እንዳይነሳ መደረግ አለበት ይላል። ከዛ ደሞ ስለ ቀለም የሚለው ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ለማስነሻ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይ ክልክል ነው። ለማቆሚያ ቀይ ይፈቀዳል፣ አረንጓዴ ክልክል። አንዴ ሲጫኑት የሚያስነሳ ሲደግሙት የሚያቆም በተን ግን ቀይም ቢጫም አረንጓዴም መሆን አይችልም፣ ነጭ፣ ግራጫ ወይ ጥቁር ነው መሆን ያለበት። አሁን እህታችን ጋ ያለችው አረንጓዴ ሆና ያንን ስራ ነው የምትሰራው፣ ሰው አረንጓዴ ሲያይ ማስነሻ ብቻ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር፣ እነዚህ የሎው ቮልቴጅ እቃዎች በስታንዳርዱ የተለኩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ከዛ በታች ናት፣ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝም ኢንሱሌሽንም ይቀንሳል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ስትጨርስ እቃው ወረቀቱ ላይ ያለው እቃ አይደለም።

አምባሰል ማዶ
5:55

አንተ ልጅ ፈተና ደርሶብህ ነው? ሰውዬዋ ዳቦ ነው የምትጋግረው ሳተላይት አይደለም የምታመጥቀው

ኪዮት 5ኛ ዓመት
5:57

ፈተናስ ደርሷል ሃሃሃ። ለበተን ያን ያህል ለውጥ የለውም እሺ፣ ለሞተርና ለኮንታክተር ግን ይታሰብበታል፣ ልክ በልክ አትግዙ ለማለት ነው።

ሐይቅ በር ወፍጮ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:15

እኔ ወፍጮ ቤት ነው ያለኝ፣ አረንጓዴዋ ለምን ተሰበረች የሚለውን ማንም አላነሳውም። ዱቄት ነው እህቴ። ደረቅ ዱቄት ብቻውን ብዙ አይጎዳም፣ ሊጥ በነካ እርጥብ ጣት ሲጫኑት ግን በራስጌው ዙሪያ ገብቶ ይደርቅና እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። ከዛ በተኑ ሲጫኑት መመለስ ያቅተዋል፣ ሰው ደሞ በጉልበት ሲገፋው ይሰበራል። የምትመለሰዋም ብትሆን ሊጥ ከያዛትና ገብታ ከቀረች ያው ሎክ እንዳደረገች ነው፣ ይሄን አትርሺ። እኔ ከላይ የጎማ ኮፍያ አልብሻቸዋለሁ፣ የፓነል እቃ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው፣ ከውጭ ነጭ ላስቲክ የመሰለች ናት። ከበተኑ ጋር የሚመጣውን ቀጭን ጎማ ደሞ ሰራተኞች ይጥሉታል፣ እሱ ከቆርቆሮው ውጭ በኩል ከራስጌው ስር ነው የሚገባው፣ አቧራና ውሃ የሚከለክለው እሱ ነው።

ሱቅ ስትሄጂ ስሙን አትጠሪ፣ ስም ሁሉም ያቀላቅለዋል፣ ፑሽ በተን ስትዪ ሁለቱንም ነው የሚሰጡሽ። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠሽ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ተመልሶ ከገፋሽ እሱ ነው። ተኝቶ ከቀረ መልሺለት።

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
8:40

ወርቅ ምክር ነው። ከጀርባዋም ያለውን ብሎክ፣ ኮንታክቱን የያዘውን ክፍል፣ እዪ። በብዙዎቹ ላይ አረንጓዴው ብሎክ ሳይነካ ክፍት ነው፣ ቀዩ ሳይነካ ዝግ። ቀለሙ ከጠፋ ቁጥሩን እዪ፣ በ3 እና በ4 የሚያልቅ ክፍት ነው፣ በ1 እና በ2 የሚያልቅ ዝግ። ለማስነሻ 3 እና 4 ያለው ነው የምትገዢው። ዝጉን ብትገጥሙ ብሬከር ስትሰቅዪ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ከዛሬው ሌሊት የባሰ።

የሸዋበር ዳቦ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:05

ጋሼ እርስዎንም ሌሎቻችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ከሰዓት ፒያሳ ሄጄ እንዳላችሁኝ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ስመርጥ ባለሱቁ ሳቀብኝ። የምትመለሰዋን አገኘሁ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ 3 እና 4። የአክስቴ ልጅ ብሬከሩን አውርዶ ሽቦዎቹን በነበሩበት አሰራቸው። ግን አሁን ሌላ ጉድ መጣ፣ አረንጓዴዋን ተጭነን እስከያዝን ድረስ ይሰራል፣ ጣታችንን ስናነሳ ይቆማል። ልጁ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በተን ይዞ ሊቆም ነው እንዴ?

ጉድጓድ ፓምፕ
4:11

እኔ ምን አልኩ

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
4:50

ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ ትናንት ማለት ነበረብኝ። ጉድጓድ ፓምፕ አንተም ቆይ አትቸኩል።

ነገሩን ወደኋላ እናስበው። ያ ሰራተኛ ገብታ የምትቀረዋን ሲያስገባት ሆልዲንጉ ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ አረንጓዴዋን ደግመሽ ብታወጫትም ማሽኑ አይቆምም ነበር፣ ምክንያቱም 13 እና 14 ይዞታል። አንቺ ደሞ አረንጓዴዋን ስደግማት ትጠፋለች ብለሻል። ስለዚህ ሰራተኛው ሞክሮ አልቆም ሲለው የሆልዲንጉን ሽቦ ነቅሎታል ማለት ነው። አሁን ትክክለኛዋ በተን መጣች፣ የሚይዝላት ግን የለም። በተኗ ጤነኛ ናት።

የአክስትሽ ልጅ ብሬከሩን አውርዶ፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጦ፣ ኮንታክተሩ ላይ 13 እና 14 የሚለውን ይፈልግ። አንዱ ላይ ሽቦ ይጎድላል፣ የተነቀለው ሽቦ እዛው አካባቢ ናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ይሆናል። መታሰር ያለበት እንዲህ ነው፣ የኮንታክተሩ 13 ከቀዩ ወደ አረንጓዴዋ የሚገባው ነጥብ ላይ፣ የኮንታክተሩ 14 ከአረንጓዴዋ ወጥቶ ወደ ኮይሉ ኤ1 የሚሄደው ነጥብ ላይ። ከማሰሩ በፊት ቴስተሩን ጩኸት ላይ አድርጎ 13 እና 14 ላይ ያስቀምጥ፣ ዝም ማለት አለበት። የኮንታክተሩን መሀል በካቻቢቴ ጫን ሲያደርገው ይጮሃል፣ ሲለቀው ዝም ይላል። ካልጮኸ ኮንታክቱ ሞቷል፣ ከላይ የሚቀመጥ ተጨማሪ ኮንታክት መግዛት ነው። ካልቻለ አይንካው፣ ሰራተኛውን ጥሩት።

ሰርቶ አዳሪ ደሴ
ረቡዕ፣ ማታ 1:20

ዛሬ ነው የተመዘገብኩት። የቀየርኩት ሰራተኛ እኔ ነኝ። ልጅቷ ይሄን አሳየችኝ፣ ሳነበው ደሜ ፈላ እውነቱን ለመናገር። በተኗን እኔ አልገዛኋትም፣ ገዝታ ሰጠችኝ፣ ያቀበሉኝን ገጠምኩ። ሰው ቆሞ ሊጥ እየጠበቀ ቶሎ በል ቶሎ በል እየተባልኩ ነው የሰራሁት። ቀዩም ይሰራ ነበር እኔ ስሄድ። አዎ ሆልዲንጉን ነቅያለሁ፣ ካልነቀልኩ አረንጓዴዋ አታጠፋም ነበር፣ ጋሼ እንዳሉት ነው። ግን እዚህ ሁሉም እኔን እንደ ሌባ ሲያወራ ደስ አይልም።

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
1:45

ወንድሜ ሌባ ያለህ የለም፣ እኔም አላልኩም። እንዲያውም ሆልዲንጉን ነቅለህ እንዲጠፋ ማድረግህ ሰርኪቱ እንደሚገባህ ያሳያል፣ የማይገባው ሰው እዛ አይደርስም። የጎደለህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ቢመጣ ምን ይሆናል የሚለው። ሁላችንም በሆነ ጊዜ ሳንጠይቀው ያለፍን ነን፣ የኔን ልንገርህ።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ (ስሙ ይቅር) በወጣትነቴ ፈረቃ እየገባሁ ስሰራ አንድ ኮንቬየር ላይ ቀይ እንጉዳይ የመሰለችዋ የድንገተኛ ማቆሚያ ነበረች፣ ቢጫ ሰሌዳ ላይ ያለችው። እሷ ተጭነህ ገብታ ነው የምትቀረው፣ አጣምመህ ነው የምታወጣት፣ ይሄ ትክክል ነው ምክንያቱም ስታወጣት ማሽኑ አይነሳም፣ መንገዱን ትፈቅዳለች እንጂ አታስነሳም። አንድ ቀን አንዲት ሰራተኛ ኮንቬየሩ ክንዷን ጠቅልሎ ሊወስድባት ሲል ጮኸች፣ ጓደኛዋ ሮጣ እንጉዳዩዋን መታቻት። ምንም የለም። ሁለተኛ መታቻት። ኮንቬየሩ ይሄዳል። ዋናውን ያወረደው ከሩቅ የነበረ ሰው ነው። በኋላ ፓነሉን ስከፍት ከጀርባዋ ያለው ብሎክ ተላቆ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ራስጌው የሚገፋው አየር ነበር። ብሎኩ ደሞ ዝግ ኮንታክት ስለሆነ ወድቆም ዝግ ነው፣ ማሽኑ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ያስባል። ከሶስት ሳምንት በፊት ያችን በተን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ። መያዣዋን እስከመጨረሻው አላዞርኳትም ወይም ንዝረቱ አላቀቃት፣ ዛሬም አላውቅም። ልጅቷ ክንዷ ብቻ ተላጠ። ከዛ ወዲህ ብሎክ ገጥሜ ሳልጎትተው ፓነል ዘግቼ አላውቅም፣ አሁን ደሞ ብሎኩ ሲወድቅ ራሱ መስመሩን የሚቆርጥ ዓይነት አለ፣ ለድንገተኛ ማቆሚያ እሱን ነው የምገዛው።

ለማንኛውም ሄደህ ራስህ ብታስተካክለው ነው ደስ የሚለኝ፣ ፓነሉን የሚያውቀው ያንተ እጅ ነው። አንድ ሌላ ጥያቄ፣ ማቡኪያው ላይ ክዳን ወይም ፍርግርግ አለው አይደል? ስሩ ትንሽ ስዊች የለችም?

ሰርቶ አዳሪ ደሴ
2:02

አለች። ሁለቱ ሽቦ ተጠማዞ ተጣብቆ ነው ያገኘሁት ግን፣ እኔ አይደለሁም ይሄን።

የሸዋበር ዳቦ
2:10

ጋሼ እውነቱን ነው፣ እሱን ያደረገው ድሮ ማሽኑን ሲተክሉ ነው፣ ክዳኑን በከፈትን ቁጥር እየቆመ አስቸገረን ብለን እኛው ነን አጥፉልን ያልናቸው። እናቴ ናት ያለችው፣ እኔም አልከለከልኳትም።

ሐይቅ በር ወፍጮ
2:18

ሁላችንም ቤት አለ ይሄ ስራ እህቴ። እኔ ጋም የቀበቶው መሸፈኛ ከተነሳ ቆየ። ነገ እመልሰዋለሁ።

ሰርቶ አዳሪ ደሴ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:30

ዛሬ ሄጄ ጨረስኩት። ሽቦው እዛው ናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር፣ 13 ላይ መልሼ አሰርኩት። የክዳኗን ስዊች ከድንገተኛ ማቆሚያው ጋር ከቀዩ ፊት መስመር ላይ አስገባኋት፣ ሞተሩ ሲጨናነቅ የሚቆርጠው የኦቨርሎዱም 95 እና 96 እዛው ነው፣ አንዱ ከተቆረጠ ሁሉም ይቆማል። ብሎኮቹን ጎተትኳቸው ጋሼ።

ከዛ ሞከርን። አረንጓዴዋን ነካ አድርጌ ለቀቅኩ፣ ሄደ። ቀዩን ነካ አድርጌ ለቀቅኩ፣ ቆመ፣ አልተነሳም። እየሰራ ክዳኑን ከፈትነው፣ ቆመ፣ ዘጋነው፣ ዝም። ክዳኑ ተከፍቶ አረንጓዴዋን ተጫንን፣ ዝም። መጨረሻ ላይ እየሰራ ብሬከሩን አወረድኩት፣ እስከ ሃያ ቆጥሬ መልሼ ሰቀልኩት። ሁላችንም ድስቱን እያየን ነው። ዝም።

የሸዋበር ዳቦ
10:41

ወላሂ ያን ዝምታ እንደዛ የምወደው አይመስለኝም ነበር። ልጁ ግን አሁንም መብራት ሲጠፋ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው የሚቆመው፣ ተወው አልኩት፣ ብሬከሩን ሳያወርድ እጁን እንዳያስገባ ደሞ ተነጋግረናል። ሰራተኛችንም ዋጋ አልቀበልም አለ፣ ትኩስ ዳቦ አስይዘን ላክነው። ጋሼ ወደ ደሴ ከወጡ ሸዋበር ይምጡ፣ ሻዩ በኔ።

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
11:05

ወንድሜ አኮራኸኝ። እህቴ ሻዩን እመጣለሁ፣ ብርዱን ግን አልችለውም፣ በቀን ይሁን።

ሰርቶ አዳሪ ደሴ
ሐሙስ፣ ማታ 3:50

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ቀን ላይ አፍሬ ሳልጽፈው ቀረሁ። ከሁለት ወር በፊት ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ እንጨት ቤት ክብ መጋዝ ላይ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ያችኑ ዓይነት በተን፣ ሆልዲንጉንም ነቅዬ። ነገ ጠዋት ልሄድ ነው፣ በምን ልጀምር?

ፓነል ሰሪው ኮምቦልቻ
3:53

ነገ አትበል። አሁን ደውልለትና ብሬከሩን አውርዶ እንዲያድር ንገረው። ሌላውን ነገ እንነጋገራለን።

ሰርቶ አዳሪ ደሴ
4:06

ደወልኩ። ተኝቶ ነበር፣ ተሳደበ። ግን ሄዶ አውርዶታል፣ ሲያወርደው በስልኩ ሰማሁት።